ያልተከተበችው የእንጀራ ልጅ

ንጋቷ ወደ አንኮበር ስትመጣ ገና ልጅነቷ አልለቀቃትም ነበር። የሰላ ድንጋይ ሰው ናት፤ አባቷ ገበሬ፣ እናቷ ጥጥ ፈታይ፣ እሷም ከስድስት ልጆች የመጨረሻዋ። ድንኳን ሰፊው ወልደሩፋኤል ሚስቱ በወሊድ ሞታበት ቤቱ ቀዝቅዞ ሳለ፣ ዘመድ ከዘመድ ተነጋግሮ ለእሱ ዳራት። ወልደሩፋኤል ጎልማሳ ነው፤ እጁ ከመርፌና ከጅማት የማይለይ፣ ነገር ሲበዛበት ዝም ብሎ ስፌቱ ላይ የሚያቀረቅር ሰው። ክፉ አልነበረም። ንጋቷን ያስጨነቃት እሱ ሳይሆን ከሟች ሚስቱ የወለዳት ልጁ ነበረች።

ልጅቷ ለተጊዮርጊስ ትባላለች፤ ያኔ ገና አራት ዓመቷ ነበር። እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደጓት አያቷ እማሆይ አስካለማርያም ናቸው። እማሆይ ሴት ልጃቸውን ከቀበሩ በኋላ ቆብ ደፍተው፣ በማርያም ቤተ ክርስቲያን ቅጥር አጠገብ ካሉት የመነኮሳት ጎጆዎች በአንዷ ይኖራሉ። አባትየው ሲያገባ «ልጅ በአባቷ ቤት ትደግ» ተባለና እማሆይ የልጅ ልጃቸውን በእጃቸው ይዘው መጡ። ደጃፉ ላይ ቆመው፣ ግቡ ቢባሉም ሳይገቡ፣ ንጋቷን ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት።

«እናቷን አፈር በልቷታል፤» አሉ። «እሷን ግን ቆሜ ነው የማያት። ስሚኝ ልጄ፣ ቆሜ ነው የማያት።»

ይህ ቃል ከንጋቷ ጆሮ አልወጣም። ልጅቷ ወድቃ ጉልበቷ ቢላጥ፣ ንጋቷ ቁስሉን ከማጠቧ በፊት ጎረቤት ትጠራለች፤ እንዴት እንደ ወደቀች ሌላም ሰው ይይልኝ ብላ ነው። ከምግቡ የተሻለውን ለለተጊዮርጊስ ታወጣለች። ኋላ የራሷን ልጅ ዘርአ ዳዊትን ስትወልድ፣ እሱን እሳት ዳር ከደረሰ ትቆጣዋለች፣ መዳፉንም ቸብ ታደርገዋለች፤ በለተጊዮርጊስ ላይ ግን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም። ጎረቤቱ «እንዲህ ያለች የእንጀራ እናት አይተንም አናውቅ» እያለ ያመሰግናታል። እሷ ግን ደግነት ሳይሆን ፍርሃት መሆኑን ታውቀዋለች። ልጅቷም ሳይገባት አልቀረም። አንዳንዴ ሆን ብላ ወተት ትደፋና የንጋቷን ፊት ታያለች። ንጋቷ ዝም ብላ ትጠርጋለች፤ ልጅቷም ቅር ብሏት ትወጣለች።

በ፲፰፻፸፱ ዓመተ ምሕረት ጦሩ ወደ ሐረር ሲወርድ ወልደሩፋኤልም ከድንኳን ጓዝ ጋር ታዘዘ። የተቀደደውን የሚሰፋ፣ የተበጠሰውን ገመድ የሚቀጥል ሰው ከሠራዊቱ አይለይም። በቅሎው ላይ ጓዙን እያሰረ ታላቅ ወንድሙን ወልደአረጋይን ጠራና «ቤቴን ለንጋቷ፣ ንጋቷን ላንተ ትቼአለሁ» አለው። ወልደአረጋይም «በል በሰላም ግባ» ብሎ ትከሻውን ሳመው። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር መልክ የያዘ መሰለ።

ከጥምቀት በኋላ ከቆላው ክፉ ወሬ ወጣ። አልዩ አምባ ከአንድ የጨው ነጋዴ ቤት ፈንጣጣ ገብቷል ተባለ። ሰው መጀመሪያ ስሙን አልጠራውም፤ «ያ ነገር» ይል ነበር። ብዙ ሳይቆይ ከአንኮበር ግርጌ ካሉት መንደሮች ሬሳ መውጣት ጀመረ። ካህናቱ ምሕላ ያዙ። ሰዉ አጥሩን በእሾህ ዘጋ፤ እንግዳ ማሳደር ቀረ፤ ለቅሶ ቤት ሄዶ መቀመጥ እንኳ የሚያስፈራ ሆነ። ጉም አቀበቱን ሲሸፍነው የሚሰማው ዋይታ ከየትኛው ቤት እንደሚወጣ አይለይም ነበር።

በዚህ መሐል ከታቢ መጣ። ገብረአማኑኤል ይባላል፤ ከአረርቲ በኩል የወጣ፣ ጠጉሩ የሸበተ፣ ንግግር የማያበዛ ሰው ነው። ፈንጣጣው ከቀለለለት ሕመምተኛ ቁስል መግል ወስዶ፣ የጤነኛውን ልጅ ክንድ በምላጭ ጫር አድርጎ ያገባበታል። ልጁ ይታመማል። ብዙውን ጊዜ ቀለል ብሎት ይነሣል፤ ከዚያ ወዲያ በሽታው አይደፍረውም። የማይነሣም አለ። ይህንንም ገብረአማኑኤል አይደብቅም። ከጎረቤት ግቢ ተቀምጦ እናቶች ሲከቡት፣ ንጋቷም ዘርአ ዳዊትን አዝላ ሄደች።

ክትባት ለንጋቷ እንግዳ ነገር አልነበረም። ልጅ ሳለች እናቷ ስድስቱንም ልጆች አሰልፋ አስከትባለች፤ ስድስቱም ተነሥተዋል። ጠባሳው እስከ ዛሬ ክንዷ ላይ አለ። ስለዚህ ፍርሃቷ የምላጩ አልነበረም።

«አባቴ፣ ልጆቹ ሁለት ናቸው፤» አለችው። «አንዱ ይኸው። ሌላዋ ስድስት ዓመት አልፏታል።»

«ሁለቱንም አምጪያቸው።»

«አንዱን ብቻ ባመጣስ?»

ሰውየው ቀና ብሎ አያት። «የተከተበ ልጅ እኮ በሽተኛ ነው። እሱ ቀለል ብሎት ይታመማል እንጂ አጠገቡ ላለው በሽታው ያው ነው። ባንድ ጣሪያ ሥር አንዱን አስከትበሽ ሌላውን ከተውሽ፣ የተውሽውን በገዛ እጅሽ አስያዝሽው። ወይ ሁሉም ይከተባል፣ ወይ ማንም አይከተብ።»

«ሌላዋ የኔ አይደለችም፤» አለች ንጋቷ። ቃሉ ካፏ ከወጣ በኋላ አፈረች። «የባሌ ልጅ ናት ማለቴ ነው። አባቷ ዘምቷል።»

«እንግዲያው ዘመዶቿን ጠይቂ። ብቻ ቶሎ በይ፤ የያዝኩት መግል ይደርቅብኛል፣ እኔም እዚህ አልከርምም።»

ንጋቷ ከዚያው ወደ ማርያም ወጣች። እማሆይ አስካለማርያም ከጎጇቸው ደጃፍ ተቀምጠው ስንዴ ይለቅማሉ። በልጅነታቸው ፈንጣጣ ይዟቸው ስለነበር ፊታቸው የተጠቀጠቀ ነው።

«እማሆይ፣ ከታቢ መጥቷል።»

«ሰምቻለሁ።»

«ለለተጊዮርጊስ ምን ይላሉ ብዬ ነው።»

እጃቸው ስንዴው ላይ ቆመ። «ወልደተንሣኤን ታውቂዋለሽ?»

«አላውቀውም።»

«ከየት ታውቂዋለሽ! የመጀመሪያ ልጄ ነው። ሮጦ የማይጠግብ ልጅ ነበር። ባሌ እንቢ እያለኝ፣ እኔን ያሠቃየ በሽታ ልጄን አያገኝም ብዬ፣ እኔው ነኝ ለከታቢ ይዤው የሄድኩ። የክንዱ ቁስል ሳይደርቅ ቀበርኩት። እህቱን፣ የለተጊዮርጊስን እናት፣ አላስከተብኳትም፤ እሷ ለወግ ለማዕረግ በቃች። እንግዲህ ምን ልበልሽ?»

«በሽታው ከመጣስ እማሆይ?»

«በሽታው ቢመጣ እግዜር አመጣው እላለሁ። አንቺ ብታመጪውስ? ማንን ልበል?»

ንጋቷ እጅ ነሥታ ወጣች።

የባሏ ወንድም ወልደአረጋይ ቤቱ ከእሷ ቤት በላይ፣ አቀበቱ ላይ ነው። ነገሯን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በትዕግሥት ሰማት። ሲሰማት በደስታ አልነበረም፤ ያለችው ሁሉ ትከሻው ላይ እንደሚወርድ ሸክም ሆኖበት ይቁነጠነጥ ነበር።

«የእናቷ ወገን እያለ እኔ በምን አፌ እናገራለሁ?» አለ በመጨረሻ። «እማሆይ እንቢ ካሉ እንቢ ብለዋል። ደግሞ ወንድሜ ለፋሲካ ይደርስ የለም?»

«ፋሲካ ሩቅ ነው፣ ጋሼ። በሽታው ደጃችን ደርሷል።»

«እንግዲህ የቤቱ እመቤት አንቺ ነሽ። የመሰለሽን አድርጊ። ብቻ ኋላ አላማከረችኝም እንዳልል፣ ይኸው አማክረሽኛል።»

ሚስቱ እናናየሁ እስከ አጥሩ በር ሸኘቻት። ግራ ቀኝ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ያንቺን ልጅ አስከትቢ፣ እሷን ተያት።»

«ባንድ ቤት አይሆንም ይላል፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ለአያቷ ላኪያት። እንደ እህት ነው የምነግርሽ። ልጅሽ ቢሞት አገሩ ሁሉ መጥቶ ያስተዛዝንሻል። የባልሽ ልጅ ብትሞት ግን ማን ይመጣል? ምላጩን የያዘው ከታቢው ነበር አይሉም። አንቺ ነበርሽ ነው የሚሉ።»

ንጋቷ ቁልቁለቱን ወረደች። እናናየሁ የተናገረችው አዲስ ነገር አይደለም፤ ንጋቷ ራሷ ለራሷ ስትለው የኖረችው ነው። ከሌላ አፍ ሲወጣ ግን እውነት ሆኖ ቁጭ አለ። እቤቷ ሳትደርስ ከታች ካለው ጎረቤት ግቢ እሪታ ተነሣ። ገብረመንፈስቅዱስ የሚባለው አንጥረኛ ሁለተኛ ልጁ ሞቶበት ነው። እዚያው መንገዱ ላይ ቆማ ቆረጠች። ዘርአ ዳዊት ይከተባል። ለተጊዮርጊስ አያቷ ዘንድ ትሄዳለች።

ልጅቷ ልብሷ ሲጠቀለል ታይ ነበር። ከዚያ «እትዬ፣ ምን አጠፋሁ?» አለች።

«ምንም አላጠፋሽም። ዘርአ ዳዊት ሊታመም ነው፤ አንቺን እንዳይዝሽ ነው።»

«ለምን ይታመማል?»

«እንዲድን።»

ልጅቷ ይህ አልገባትም። በመንገድ ላይ የንጋቷን እጅ አልያዘችም፤ ከፊት ከፊት ሄደች። እማሆይ ደጃፋቸው ላይ ተቀበሏትና ንጋቷን «ቤትሽን አጠራሽ፤ እግዚአብሔር ይስጥሽ» አሏት። ንጋቷ ምን ለማለት እንደፈለጉ ገብቷታል፤ የባሏን ልጅ አስወጣሽ ማለታቸው ነው። እንዲህ አይደለም ብትል ደስ ባላት፤ ግን አላለችም።

በማግስቱ ዘርአ ዳዊት ተከተበ። ክንዱ አብጦ ቀላ፤ ትኩሳቱ መጣ፤ ጡት መጥባት እንቢ አለ። ፊቱና ደረቱ ላይ ጥቂት ፈንጣጣ ወጣበት። ንጋቷ በሩን ዘግታ፣ ከማንም ሳትገናኝ፣ ልጁን አቅፋ ከረመች። በነዚያ ቀናት ስለ ለተጊዮርጊስ አላሰበችም ማለት ይቻላል። የልጁ ትኩሳት በርዶለት ጡቷን የያዘ ዕለት ግን ከደስታዋ ቀጥሎ የመጣባት የልጅቷ ፊት ነበር። ያን ቀን አለቀሰች።

የልጁ ቁስል ገና ቅርፊቱ ሳይራገፍ፣ አንዲት መነኩሲት ከአጥሩ ውጭ ቆማ ተጣራች። ጠጋ አላለችም።

«ንጋቷ! እማሆይ አስካለማርያም አልላኩኝም፤ በራሴ ነው የመጣሁ። ልጅቷን ይዟታል።»

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዲት መንገደኛ ሴት ከቆላ ወጥታ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ወድቃ ነበር። እማሆይ አዝነው ጎጇቸው ውስጥ አስተኟት። የፈንጣጣ ትኩሳት መሆኑ የታወቀው ኋላ ነው። ሴትየዋ እዚያው ሞተች። ለተጊዮርጊስ ውኃ ታቀብላት ነበር።

ንጋቷ አልዘገየችም። ዘርአ ዳዊትን አዘለች፣ ነጠላዋን አከናነበችው፣ ሰው በማይሄድበት በገደሉ ዳር መንገድ ወጣች። ጎጆዋ ውስጥ ስትገባ እማሆይ ቀና አላሉም። ልጅቷ መደቡ ላይ ተጋድማለች፤ ፊቷ አብጦ፣ ዓይኖቿ ተከድነው፣ ማን እንደሆነች አትለይም። ንጋቷ በልጇ ላይ ያየችው ጥቂት ነበር፤ የልጅቷ ገላ ግን ጤነኛ ቆዳ አልተረፈውም።

«መጣሽ?» አሉ እማሆይ።

«መጣሁ።»

ሁለቱም በሽታው የማይነካቸው ስለሆኑ ልጅቷን ያስታመሙት እነሱ ብቻ ናቸው። አንዷ ውኃ ስታሞቅ አንዷ ከንፈሯን ታርሳለች። አንዷ ዓይኗን ስታጥብ አንዷ እጇን ትይዛለች። ልጅቷ ስትቃዥ እናቷን ትጠራለች፤ በሕፃንነቷ የሞተችባትን፣ መልኳን እንኳ የማታውቃትን። አንድ ከሰዓት በኋላ ፊቷን መቧጨር ስትጀምር ንጋቷ ሳታስበው ጮኸች፦

«ተይ! እጅሽን አውርጂ! አውርጂ አልኩሽ እኮ!»

ልጅቷ ደነገጠች፤ እጇን አወረደች። እማሆይም ዞር ብለው ንጋቷን አዩዋት፤ አልተቆጡም። ቆይተው፣ እሳቱን እየቆሰቆሱ፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ ሁሉ «ያኔ እሺ ብዬሽ ቢሆን ኖሮ…» አሉና ነገሩን አንጠልጥለው ተዉት።

ንጋቷ ይህን ስትሰማ ራሷን ጠየቀች። ምኑን ነው እሺ የሚሏት? ትከተብ ብላ ለምናቸው አታውቅም። «ምን ይላሉ» ነው ያለቻቸው። ወልደአረጋይንም እንደዚያው። ከቤት ቤት ስትዞር ውላ ሁሉንም ጠየቀች እንጂ የራሷን ሐሳብ ለአንዳቸውም አልተናገረችም። የተከለከለችው ነገር የለም፤ ፍቀዱልኝ ብላ አልጠየቀችምና። ይህን ለእማሆይ ልትነግራቸው አፏ ድረስ መጣ። ግን አልደፈረችም።

ለተጊዮርጊስ አልሞተችም። ቁስሉ ደርቆ ሲራገፍ ፊቷ እንደ አያቷ ተጠቀጠቀ፤ ግራ ዓይኗም በነጭ ተሸፈነ። መጀመሪያ ስትነሣ ከመቃኑ ጋር ተጋጨች። ንጋቷ ልትይዛት እጇን ስትዘረጋ ልጅቷ ፈቀቅ ብላ የአያቷን ቀሚስ ያዘች። ወደ አባቷ ቤት እንድትመለስ ስትጠየቅም «እዚህ ነኝ» አለች፤ ማንም አላስገደዳትም።

ወልደሩፋኤል ከፋሲካ በፊት ደረሰ። ከስቷል፤ ጠቁሯል። ንጋቷ ከበቅሎው ሳይወርድ አጥሩ በር ላይ ነገረችው። ሰምቶ ልጓሙን አዙሮ ወደ ማርያም ወጣ። ሲመለስ ፊቱ የሌላ ሰው ፊት ሆኖ ነበር።

ወልደአረጋይ ወንድሙን እንኳን ደህና መጣህ ለማለት ሲመጣ ወልደሩፋኤል መቀመጫ እንኳ አልሰጠውም። «አንተ እያለህ?»

«እኔማ የመሰለሽን አድርጊ ብዬአት ነበር፤» አለ ወልደአረጋይ። «ጠይቃት። እንቢ ያሉት እማሆይ ናቸው። ልጅቷንም የሰደደቻት እሷ ናት። እኔ ምኑ ውስጥ ነበርኩ?»

ሲሄድ ባልና ሚስት ብቻቸውን ቀሩ። ዘርአ ዳዊት በመካከላቸው ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ደኅና ነው፣ ክንዱ ላይ ጠባሳ አለው። ወልደሩፋኤል ጠባሳውን ሲያይ ቆየና «አንቺ የፈለግሽው ምን ነበር?» አላት።

«ሁለቱም እንዲከተቡ።»

«ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም።»

«ለምን?»

«ብትሞት ገደለቻት እንዳይሉኝ። አንተም እንዳትለኝ።»

«እኔ ብኖርም አላስከትባትም ነበር፤» አለ። «እማሆይን ማስቀየም አልችልም። ልጃቸው የሞተችው እኔ ቤት ነው።»

ንጋቷ ይህን ስትሰማ የሚቀልላት መስሏት ነበር። አልቀለላትም። ይልቅ ከዚያ በፊት የማታውቀው ንዴት ያዛት። ይፈርድብኛል ብላ የፈራችው ሰው ራሱ ሌላ ሰው ይፈራ ኖሯል። ወልደአረጋይ ደግሞ እሱን ይፈራል። ይህ ሁሉ ትልቅ ሰው እርስ በርሱ ሲፈራራ፣ ማንም የማይፈራትና ማንም ያልጠየቃት ልጅ ዓይኗን አጣች። ይህን ሁሉ በልቧ ይዛ ተነሣችና የከብቱን በረት ልትጠርግ ወጣች።

ከዚያ በኋላ ወልደሩፋኤል ልጁን ሊያይ ማርያም ይወጣል፤ ንጋቷን አብረን እንሂድ አይላትም። እሷም ለብቻዋ ትሄዳለች፤ እህል ታደርሳለች፣ ልብስ ታጥባለች። ልጅቷ «እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ» ትላለች፤ እንደ ባዳ።

በ፲፰፻፹፩ ንጋቷ ሌላ ወንድ ልጅ ወልዳ ወርቅአገኘሁ ብላዋለች። ልጁ ገና ሲቀመጥ ፈንጣጣው በደብረ ብርሃን በኩል ተመልሶ መጣ ተባለ። ከታቢው ገብረአማኑኤልም በአቀበቱ ታየ። ንጋቷ ለባሏ ስትነግረው ስፌቱ ላይ አቀረቀረና «እንደ መሰለሽ» አለ።

«እንደ መሰለሽ አትበለኝ!» አለችው። ድምፅዋ እሷንም አስደነገጣት። «ይህን ቃል አውቀዋለሁ። ሰምቼዋለሁ። ወንድምህን ጥራ፤ ሚስቱንም። እማሆይን እኔ አመጣለሁ።»

መጡ። እማሆይ ለተጊዮርጊስን ይዘው ነው የመጡ፤ ልጅቷ ከበሩ አጠገብ ተቀመጠች። ንጋቷ ሕፃኑን ታቅፋ መሐል ቆመች።

«እኔ ይከተብ እላለሁ፤» አለች። «ሊሞት ይችላል። ከሞተ ይከተብ ያልኩት እኔ ነኝ፤ አልክድም። እናንተ ደግሞ እያንዳንዳችሁ የልባችሁን እዚሁ ተናገሩ። ኋላ አልነበርኩበትም የሚል እንዳይኖር።»

ወልደአረጋይ አሳለ፤ ወንድሙን አየ። እናናየሁ ነጠላዋን አስተካከለች፤ «አንቺ ካልሽ እኔ ምን አገባኝ» ልትል ጀምራ የንጋቷን ዓይን ስታይ «ይከተብ» አለች። ባሏም ከእሷ ቀጥሎ «ይሁን፣ ይከተብ» አለ። ወልደሩፋኤል መርፌውን አስቀምጦ፣ ለመስማት እንኳ በሚያስቸግር ድምፅ፣ «ይከተብ» አለ። የቀሩት እማሆይ ነበሩ።

«አስከትቤም አይቻለሁ፤» አሉ። «ትቼም አይቻለሁ። ሁለቱም በድለውኛል። እኔን አትጠይቁኝ።»

ማንም አልጠየቃቸውም።

ወርቅአገኘሁ ተከተበ። ቤቱም እንደ ደንቡ ተዘጋ፤ በሽታውን ያላየ ሰው ወደ ውስጥ አይገባም። ውኃ ቀድቶ የሚያቀብል ግን ያስፈልጋል። ማንም ሳያዛት ለተጊዮርጊስ መጣች፤ ፈንጣጣ ወጥቶላት ስለነበር አያሰጋትም። ከምንጩ ቀድታ አጥሩ ውስጥ ታስቀምጣለች፤ እንጨት ታመጣለች። ሕፃኑ በትኩሳት ሲንቀጠቀጥ፣ ዓይኑ ሲገለበጥ፣ ንጋቷ ደጅ ወጥታ ራሷን ይዛ ስትቀመጥ ያየቻት ልጅቷ ናት።

«ይሞታል?» አለቻት።

«አላውቅም።»

ለተጊዮርጊስ ማሰሮዋን አላነሣችም። በደኅናው ዓይኗ ንጋቷን ታያታለች። «ያኔ እኔን ለምን ተውሽኝ?»

ንጋቷ ለዚህ ጥያቄ ብዙ መልስ ስታዘጋጅ ከርማለች። አያትሽ እንቢ አሉ፤ አባትሽ አልነበረም፤ አጎትሽ እንዲህ አለ። ሁሉም እውነት ነው። አንዱም ካፏ አልወጣም።

«ፈራሁ፤» አለች። «ብትሞቺ የሚሉኝን ፈራሁ።»

«ዘርአ ዳዊት ቢሞትስ አልፈራሽም?»

«ፈርቻለሁ። እሱን ግን ለራሱ ነበር የፈራሁለት።»

ልጅቷ ይህን ሰምታ ማሰሮዋን አንሥታ ወደ ምንጩ ወረደች። ስትመለስ ውኃውን በቦታው አስቀምጣ፣ ንጋቷን ሳታያት ሄደች። በማግስቱ ውኃው መጣ፤ ከዚያም ቀጥሎ ባለው ቀን።

ሕፃኑ ዳነ፤ አንድ ጆሮው ግን እንደ ቀድሞው አይሰማም ነበር። በሩ ሲከፈት እማሆይ መጥተው ሕፃኑን በመስቀላቸው ዳሰሱት። ለተጊዮርጊስ ከአያቷ ጋር ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ለበዓል ትመጣለች፤ ወንድሞቿን ታጫውታለች፣ ለአባቷ ክር ታከርለታለች። ንጋቷ፣ ልጅቷ ይቅር ብላት እንደሆነ ልትጠይቃት አስባ ታውቃለች። አልጠየቀቻትም፤ ልጅቷም አልነገረቻትም።